የዘማሪ ወፎችን የዘር ሐረግ በዲ ኤን ኤ የመረመሩት ቻርለስ ሲብሊ

በዓለማችን ከሚገኙት ከ10 ሺህ የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቅርንጫፍ ላይ አጥብቆ ለማረፍ የሚያስችል እግር ያላቸው ወፎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች በመባል ይታወቃሉ። ማለዳ በየደጃፋችን፣ በየቤተክርስቲያኑ ቅጥርና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ድምፃቸውን የምንሰማቸው ትናንሽ ወፎች በአብዛኛው የዚህ ወገን ናቸው። ቁራም ቢሆን ድምፁ ለጆሮ ባይጥምም በሳይንሱ አመዳደብ ከዘማሪዎቹ ጋር ይቆጠራል።

እነዚህ ወፎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ዝምድና ምን እንደሚመስል የሥነ ሕይወት ሊቃውንትን ከ100 ዓመታት በላይ ሲያከራክር የቆየ ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን ከወፉ ላባና ምንቃር አውጥተው ወደ ዘር ውርሱ ኬሚካል በመውሰድ አዲስ መንገድ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ቻርለስ ጋልድ ሲብሊ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በሕይወት ዘመናቸው ከፍተኛ ክብርና ሽልማት ያገኙ፣ በዚያው ልክም ብርቱ ትችትና ወቀሳ የደረሰባቸው ሰው ነበሩ።

የእኚህ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ አንድ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ሲነሳ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ፣ የሥራው አካሄድ ግን ሙሉ በሙሉ ግልጽ ካልሆነ ያገኘው እውነት እንኳ በጥርጣሬ ሊታይ እንደሚችል ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ቻርለስ ሲብሊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1917 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ፍሬዝኖ በተባለች ከተማ ተወለዱ። የከፍተኛ ትምህርታቸውን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተከታተሉ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1940 አግኝተዋል። በወቅቱ የበርክሌይ የእንስሳት ሙዚየም በአሜሪካ ከሚገኙ የአእዋፍ ጥናት ማዕከላት አንዱ ስለነበር ወጣቱ ሲብሊ ወፍን በሜዳ ማጥናትንና ናሙና አሰባስቦ ማደራጀትን በሚገባ የተማሩት በዚሁ ተቋም ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምህርታቸውን አቋርጦባቸው ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ባገለገሉበት ጊዜም ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት ወፎችን ማጥናትና ናሙና መሰብሰብ አልተዉም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ በርክሌይ ተመልሰው በ1948 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል።

የዶክትሬት ጥናታቸው በሜክሲኮ ተራሮች በሚገኙ ቶዊ በተባሉ ዘማሪ ወፎች ላይ ያተኮረ ነበር። በዚያ አካባቢ ሁለት የተለያዩ የቶዊ ዝርያዎች በተገናኙባቸው በርካታ ሥፍራዎች እየተዳቀሉ መልካቸው የተቀላቀለ ወፎችን ያስገኛሉ። ተመራማሪው የእነዚህን ቅይጥ ወፎች የላባ ቀለም ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እየተከታተሉ መዘገቡ። አንድ ዝርያ ከሌላው በምን ይለያል፣ ዝምድናስ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ በውስጣቸው ሥር የሰደደው በዚህ ጥናት ወቅት ነበር።

ሲብሊ ከዚያ በኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲና በሳን ሆዜ ኮሌጅ ካስተማሩ በኋላ በ1953 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ በ1965 ደግሞ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የፒቦዲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአእዋፍ ክፍል ኃላፊ በመሆን ያገለገሉ ሲሆን፣ ከ1970 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት ሙዚየሙን በዳይሬክተርነት መርተዋል።

የመልክ መመሳሰል ያስከተለው ችግር

ከሲብሊ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ወፎችን የሚመድቡት በዋናነት በአካላቸው ቅርፅ ነበር። የምንቃር ርዝመት፣ የክንፍ ላባ ብዛት፣ የእግር ጅማት፣ የአጥንትና የድምፅ ሳጥን አሠራር እንደ መለያ ያገለግሉ ነበር። ይህ ዘዴ ዳክዬን ከንስር፣ ሰጎንን ከርግብ ለመለየት አያስቸግርም። ዘማሪ ወፎች ዘንድ ሲደረስ ግን ዘዴው ይዳከማል፤ ምክንያቱም የአብዛኞቹ የውስጥ አካል አሠራር እጅግ ተመሳሳይ ነው።

ከዚህም በላይ ዝምድና የሌላቸው ወፎች ተመሳሳይ ኑሮ ሲኖሩ ተመሳሳይ መልክ ይይዛሉ። በአየር ላይ ነፍሳትን እየለቀመ የሚኖር ወፍ ሰፋ ያለ ምንቃር፣ የዛፍ ግንድ ላይ እየወጣ ምግቡን የሚፈልግ ወፍ ደግሞ ጠንካራ ጥፍርና ቀጭን ምንቃር ያስፈልገዋል። ሥራው መልኩን ስለሚቀርፀው በሁለት አህጉራት የሚኖሩ ሁለት ወፎች እንደ ወንድማማች ሊመሳሰሉ፣ በእርግጥ ግን ከተለያየ ዘር የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ጎልቶ የታየው በአውስትራሊያ ነው። ወደዚያች አህጉር የሄዱ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ያገኟቸውን ወፎች በአገራቸው በሚያውቋቸው ወፎች ስም ጠሩዋቸው። ሳይንቲስቶችም በበኩላቸው ለብዙ ዘመን እነዚህን ወፎች በአውሮፓና በእስያ ካሉት ቤተሰቦች ሥር መድበዋቸው ኖረዋል። ይህ አመዳደብ የአውስትራሊያ ዘማሪ ወፎች ከሰሜን በተለያየ ጊዜ የፈለሱ መንገደኞች ናቸው የሚል ግምት አስከትሎ ነበር።

ከእንቁላል ነጭ ወደ ዲ ኤን ኤ

ሲብሊ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ መልክን ትተው ወደ ሞለኪውል ፊታቸውን አዞሩ። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ዘዴ ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባለው ሲሆን፣ የእንቁላል ነጭ ክፍል ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት እንደ መጠናቸውና እንደ ኤሌክትሪክ ሙላታቸው ለያይቶ የሚያሳይ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው በዘር ውርስ ትእዛዝ በመሆኑ፣ የሁለት ወፎች ፕሮቲን ሲመሳሰል ዝምድናቸው የቀረበ ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

ለዚህ ሥራ ከመላው ዓለም እንቁላል ማሰባሰብ አስፈላጊ ነበር። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎችና ሰብሳቢዎች ናሙና ይልኩላቸው ጀመር። ውጤቱንም በ1970 ስለ ዘማሪ ወፎችና ዘመዶቻቸው፣ በ1972 ደግሞ ከተማሪነት ጊዜያቸው ጀምሮ አብረዋቸው ከሠሩት ከጆን አልኲስት ጋር በመሆን ስለ ሌሎቹ ወፎች በሁለት ትላልቅ ጥራዞች አሳተሙ። ይሁን እንጂ ሲብሊ ራሳቸው እንደተረዱት የእንቁላል ፕሮቲን የሚሰጠው መረጃ ውስን ነበር፤ የቅርብ ዘመዶችን እንጂ የጥንቱን የዘር ሐረግ አጥርቶ አያሳይም።

በዚሁ ወቅት የናሙናው አሰባሰብ ራሱ ከባድ ችግር አስከተለ። በሌሎች አገሮች ከሕግ ውጭ የተገኙ የአእዋፍ ናሙናዎችን ወደ አሜሪካ አስገብተዋል በሚል ክስ ቀርቦባቸው በ1974 የ3 ሺህ ዶላር ቅጣት ተጣለባቸው። ጉዳዩ በጋዜጦች ተዘግቦ ዝናቸውን ጎድቶታል። አንድ ታላቅ ሙዚየም በሚመሩበት ጊዜ የደረሰ በመሆኑ ነገሩ በግል ስማቸው ላይ ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። ለሳይንስ ዓላማ የሚሰበሰብ ናሙናም ቢሆን የአገሩን ሕግና ፈቃድ ጠብቆ ካልተገኘ በኋላ ተጠያቂነትን እንደሚያስከትል ለተመራማሪዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኗል።

ሲብሊ ግን ከምርምሩ አልተመለሱም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአልኲስት ጋር የዘር ውርሱን መዝገብ፣ ማለትም ዲ ኤን ኤን በቀጥታ ለማነፃፀር ተነሱ። የወፍ ቀይ የደም ህዋስ ከሰውና ከሌሎች አጥቢ እንስሳት በተለየ ኒውክለስ ያለው በመሆኑ፣ ከጥቂት ደም በቂ ዲ ኤን ኤ ማውጣት ይቻላል። በመሆኑም ከእንቁላል ይልቅ ደም ዋናው የምርምር ግብዓት ሆነ።

ዘዴው እንዴት ይሠራል

ዲ ኤን ኤ እርስ በርስ የተጣመሩ ሁለት ረጃጅም ክሮች አሉት። እነዚህ ክሮች ሲሞቁ ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዙ ደግሞ አቻቸውን ፈልገው መልሰው ይጣመራሉ። የሁለቱ ሳይንቲስቶች ዘዴ በዚህ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነበር። በመጀመሪያ የአንድን ወፍ ዲ ኤን ኤ በትናንሹ ይቆራርጡና በዘር ውርሱ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ክፍሎች ያስወግዳሉ። ከዚያም የቀረውን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት ያደርጉበታል።

ምልክት የተደረገበት ዲ ኤን ኤ ከሌላ ዝርያ ከተወሰደ ብዙ ዲ ኤን ኤ ጋር ተቀላቅሎ ለቀናት በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንዲቆይ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የአንዱ ወፍ ክር ከሌላው ወፍ ክር ጋር ተጣምሮ ድብልቅ ጥንድ ይፈጠራል። ጥንዶቹ በካልሲየም ፎስፌት ማዕድን በተሞላ ቱቦ ላይ ይያዛሉ። ቀጥሎም ሙቀቱ ከ55 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ በየ2.5 ዲግሪው ከፍ እየተደረገ በእያንዳንዱ ደረጃ ተለያይቶ የሚወርደው መጠን በራዲዮአክቲቭ ምልክቱ አማካይነት ይለካል።

ሁለቱ ወፎች በዝምድና የቀረቡ ከሆነ የክሮቻቸው ፊደላት በአብዛኛው ስለሚገጥሙ ጥንዱን ለመለያየት ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል። ዝምድናቸው የራቀ ከሆነ ደግሞ የማይገጥሙት ቦታዎች ስለሚበዙ ጥንዱ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈታል። በጥቅሉ ሲታይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት በዲ ኤን ኤው ላይ ካለ የአንድ በመቶ ገደማ ልዩነት ጋር ይዛመዳል። ዘዴው የፊደላቱን ቅደም ተከተል አያነብም፤ የሁለቱን መዛግብት አጠቃላይ ርቀት ብቻ ይለካል። የዘዴው ጥንካሬም ድክመትም የመነጨው ከዚሁ ነው።

ሲብሊና አልኲስት ይህን ሥራ ከ10 ዓመታት በላይ ያለማቋረጥ አካሂደዋል። በአጠቃላይ ወደ 1 ሺህ 700 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎችን ያነፃፀሩ ሲሆን፣ ያዘጋጁት የድብልቅ ዲ ኤን ኤ ቁጥርም 26 ሺህ ገደማ ደርሷል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በየትኛውም የእንስሳት ክፍል ላይ በዚህ ስፋት የተካሄደ የዘር ውርስ ንፅፅር አልነበረም።

የአውስትራሊያ ዘማሪዎች አዲስ ታሪክ

የምርምሩ ትልቁ ግኝት የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። የአህጉሪቱ ዘማሪ ወፎች ዲ ኤን ኤ ከአውሮፓና ከእስያ አምሳያዎቻቸው ጋር ሲነፃፀር በመካከላቸው የታየው ርቀት ከተጠበቀው በላይ ሰፊ ሆነ። በአንፃሩ እርስ በርሳቸው በመልክ የማይገናኙት የአውስትራሊያ ወፎች፣ ዝንብ አዳኙም፣ ግንድ ላይ የሚወጣውም፣ ማር የሚቀስመውም፣ የአንድ ዘር ልጆች ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች የዚህን ጥናት አጠቃላይ ውጤት በ1985 በአውስትራሊያ የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡ።

የግኝቱ ትርጉም ከስም ለውጥ ያለፈ ነበር። አውስትራሊያ ለረጅም ዘመን ተነጥላ በመኖሯ ካንጋሮን የመሰሉ ኪስ ያላቸው እንስሳት በዚያ ተራብተው የሌላውን ዓለም ተኩላ፣ ፍልፈልና ሌሎች እንስሳት ቦታ እንደያዙ ሁሉ፣ ወፎቿም ከጥቂት ጥንታዊ ወላጆች ተነስተው በዚያው ምድር ልዩ ልዩ ሙያ ይዘዋል ማለት ነው። ከሰሜን የመጡ መንገደኞች ተብለው ሲቆጠሩ የኖሩት ወፎች የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ሆነው ተገኙ።

በዚህ መሠረት ሲብሊና አልኲስት ዘማሪ ወፎችን በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች ከፈሏቸው። አንደኛው ቁራንና የአውስትራሊያን ወገኖች የሚያቅፈው ኮርቪዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው አብዛኞቹን የአውሮፓ፣ የእስያ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ዘማሪዎች የያዘው ፓሰሪዳ ነው። ቁራዎች ራሳቸው ከአውስትራሊያ ምድር ከወጣ የዘር ሐረግ የተገኙ ናቸው የሚለው ሐሳብም ብዙዎችን ያስገረመ ነበር።

ሌሎች ያልተጠበቁ ዝምድናዎችም ታይተዋል። ስታርሊንግ የተባሉት የአሮጌው ዓለም ወፎች የሌሎችን ድምፅ በማስመሰል ከሚታወቁት የአሜሪካ ሞኪንግበርዶች ጋር የቅርብ ዘመዶች ሆነው ተገኙ። ቪሪዮ የሚባሉት የአሜሪካ ትናንሽ ወፎች ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ወደ ቁራዎች ወገን አደሉ። እነዚህ ውጤቶች ኋላ ላይ በተራቀቁ ዘዴዎች ተረጋግጠዋል።

ክብርና ውዝግብ

ፕሮፌሰር ሲብሊ በሙያቸው ከፍተኛ ሥፍራ ደርሰዋል። በ1962 በአሜሪካ ኢታካ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የአእዋፍ ጥናት ጉባኤ በዋና ጸሐፊነት አስተባብረዋል። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው የተመረጡ ሲሆን፣ በ1988 ደግሞ ከአልኲስት ጋር የአካዳሚውን የዳንኤል ጂሮ ኤሊየት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። በዚያው ጊዜ ገደማ የአሜሪካ የአእዋፍ ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከባልደረቦቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ያመኑበትን በኃይል የሚሟገቱና ተቃውሞን በቀላሉ የማይቀበሉ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። የሥራቸው ተቺዎች በበኩላቸው ሁለቱ ሳይንቲስቶች የእያንዳንዱን ልኬት ሙሉ ዝርዝር ለሌሎች ተመራማሪዎች በሚያመች መልኩ እንደማያቀርቡ፣ አንዱን ወፍ ከሌላው ጋር በሁለቱም አቅጣጫ የማነፃፀሩ ሥራም በብዙ ቦታ እንዳልተሟላ ያመለክቱ ነበር። የዲ ኤን ኤ ለውጥ በሁሉም ወፎች ላይ በእኩል ፍጥነት ይካሄዳል የሚለው የመጀመሪያ ግምታቸውም ጥያቄ አስነስቷል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ኋላ ላይ ዘግይተው የሚራቡ ወፎች ዲ ኤን ኤ በዝግታ እንደሚለወጥ በመረዳት ግምታቸውን አሻሽለዋል።

ከሁሉም የከፋው ውዝግብ የተነሳው ግን በወፎች ምክንያት አልነበረም። ሲብሊና አልኲስት በዚሁ ዘዴ የሰውንና የዝንጀሮ መሰል እንስሳትን ዲ ኤን ኤ አነፃፅረው በ1984 ባሳተሙት ጥናት ቺምፓንዚ ከጎሪላ ይልቅ ለሰው የቀረበ ዘመድ መሆኑን ገለጹ። በ1987 ተጨማሪ መረጃ ይዘው ያንኑ ድምዳሜ አጠናከሩ። በ1988 ግን ሌሎች ሳይንቲስቶች ከታተሙት ቁጥሮች መካከል ከፊሎቹ በቀጥታ የተለኩ ሳይሆኑ ማስተካከያ የተደረገባቸው መሆናቸውን፣ ይህም በጽሑፉ ውስጥ አለመገለጹን ይፋ አደረጉ።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ማስተካከያው የዲ ኤን ኤው ቁርጥራጭ መጠን ልዩነትን የመሳሰሉ የታወቁ የአሠራር ስህተቶችን ለማረም የተደረገ መሆኑን አስረድተዋል። በ1990ም ከሌላ ባልደረባ ጋር በመሆን ያልተስተካከሉትንና የተስተካከሉትን ቁጥሮች መልሰው በመተንተን ድምዳሜው እንደማይለወጥ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሌላ የምርምር ቡድንም በ1989 በራሱ በተለየ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቶ ነበር። ዛሬ የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ውርስ ሙሉ ለሙሉ ከተነበበ በኋላ የሲብሊና የአልኲስት ድምዳሜ ትክክል እንደነበረ ጥርጥር የለም።

ይሁን እንጂ ድምዳሜው ትክክል መሆኑ የአካሄዱን ጉድለት አልሸፈነውም። አንድ ቁጥር ሲስተካከል ለምን፣ እንዴትና በምን መጠን እንደተስተካከለ በጽሑፍ ካልተመዘገበ አንባቢው እውነቱን ከግምቱ ሊለይ አይችልም። በዚህም የተነሳ በአንድ ጥናት ላይ የተፈጠረው ጥርጣሬ ወደ ሌሎቹ ተዛምቶ ለ10 ዓመታት የተደከመበት የወፎች ምርምርም ጭምር በጥንቃቄ እንዲታይ አድርጓል።

የ1990ዎቹ ታላላቅ መጻሕፍት

ሲብሊ በ1986 ከዬል ተሰናብተው ወደ ትውልድ ግዛታቸው ካሊፎርኒያ በመመለስ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1990 የዕድሜ ልክ ድካማቸው ውጤት የሆኑ ሁለት ግዙፍ መጻሕፍት በዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትመው ወጡ። የመጀመሪያው ከአልኲስት ጋር የጻፉት ሲሆን፣ በዲ ኤን ኤ ንፅፅር ላይ የተመሠረተውን የአእዋፍ የዘር ሐረግና አመዳደብ ያቀርባል። ሁለተኛው ከበርት ሞንሮ ጋር ያዘጋጁትና የዓለምን ወፎች በአዲሱ አመዳደብ መሠረት ከነመኖሪያቸው የዘረዘረው ነው። በዚህ መጽሐፍ 9 ሺህ 672 ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

መጻሕፍቱ በወጡ ጊዜ የአእዋፍ ጥናት ዓለም በሁለት ተከፈለ። አንዳንድ አገሮችና የወፍ ተመልካቾች ማኅበራት አዲሱን ቅደም ተከተል ተቀበሉ። ሌሎች ደግሞ ማስረጃው በሌላ ዘዴ እስኪረጋገጥ ድረስ መታገሥን መረጡ። ለአብነት ያህል ሲብሊና አልኲስት የአሜሪካ ጥንብ አንሳዎች ለሽመላ ዘመዶች ናቸው ብለው ነበር። የአሜሪካ የአእዋፍ ጥናት ማኅበር ይህን በ1998 ባወጣው ዝርዝር ተቀብሎ፣ አዳዲስ ጥናቶች ሐሳቡን ስላልደገፉት በ2007 መልሶ ሰርዞታል።

ፕሮፌሰር ቻርለስ ሲብሊ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1998 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ ከተማ በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለትዳርና የሦስት ሴት ልጆች አባት ነበሩ።

ከሞታቸው በኋላ የተሰጠው ፍርድ

ሲብሊ ባረፉበት ጊዜ የሳይንሱ መሣሪያ ተለውጦ ነበር። ተመራማሪዎች የሁለት ዲ ኤን ኤዎችን አጠቃላይ ርቀት ከመለካት ይልቅ የፊደላቱን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ማንበብ ጀምረዋል። በ2002 እና በ2004 የታተሙ የዘማሪ ወፎች ጥናቶች የሲብሊን ሥራ በጥብቅ የፈተኑ የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ ምርመራዎች ሲሆኑ፣ ውጤታቸውም ለእርሳቸው ሥራ በከፊል ድጋፍ፣ በከፊል እርማት ሆነ።

ፓሰሪዳ የተባለው ቅርንጫፍ በእርግጥም የአንድ ዘር ልጆች ስብስብ መሆኑ ተረጋገጠ። ኮርቪዳ ግን እንደታሰበው አንድ ወጥ ቅርንጫፍ አልሆነም። ረጅም ጅራት ያለው የአውስትራሊያው ላየርበርድ ከዘማሪ ወፎች ግንድ አስቀድመው ከተለዩት ወገኖች ውስጥ ሲሆን፣ ሌሎቹ የአውስትራሊያ ወገኖችም በየተራ ከግንዱ ይወጣሉ። ፓሰሪዳ ራሱ ከእነርሱ መካከል በኋላ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው።

የዚህ እርማት ውጤት የሲብሊን ግኝት የሚያፈርስ ሳይሆን የበለጠ የሚያሰፋ ነው። ሲብሊ የአውስትራሊያ ዘማሪዎች የዚያው ምድር ተወላጆች መሆናቸውን ሲያሳዩ የሌላው ዓለም ዘማሪዎች ለብቻቸው በሌላ ቦታ የተነሱ አድርገው ነበር የተመለከቱት። አዲሱ ማስረጃ ግን የዓለም ዘማሪ ወፎች ሁሉ ጥንታዊ መነሻ በዚያው በአውስትራሊያ አካባቢ መሆኑን ያመለክታል። በ2014 የ48 የወፍ ዝርያዎች ሙሉ የዘር ውርስ ተነብቦ በታተመው ጥናትም በቅርንጫፍ ላይ የሚያርፉት ወፎች የቅርብ ዘመዶች በቀቀኖች መሆናቸው ተረጋግጧል። በ2019 በርካታ ቤተሰቦችን ያካተተ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ አጠቃላይ ሥዕል ሰጥቷል።

የኢትዮጵያ ወፎችም የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። በቦረና በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ባለ ጠባብ ክልል ብቻ የሚኖረውና በሳይንሳዊ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ የሚባለው ግራጫማ ወፍ በ1938 ለሳይንስ ከተዋወቀ በኋላ ቁራ ነው፣ ስታርሊንግ ነው በሚል ለብዙ ዓመታት አከራክሯል። የዲ ኤን ኤ ምርመራ ግን የቁራ ቤተሰብ አባል መሆኑን አረጋግጧል። በደጋማው የአገራችን ክፍል የሚገኘውና ሌላ አገር የማይኖረው ፓሮፋስማ የተባለው ዘማሪም ቤተሰቡ ሲያወዛግብ ከቆየ በኋላ በዚሁ ዓይነት ማስረጃ ከሲልቪያ ወገን ተመድቧል። አንድ ወፍ የማን ዘመድ እንደሆነ ማወቅ የቱ ዝርያ ምትክ የሌለው ቅርስ እንደሆነ ለመለየትና የጥበቃ ቅድሚያ ለመስጠት ይረዳል።

ፕሮፌሰር ሲብሊ የተጠቀሙበት ዘዴ ዛሬ በላቦራቶሪዎች ሥራ ላይ የሚውል አይደለም። ከሠሩት የዘር ሐረግ ውስጥም የጸናው አለ፣ የተሰረዘውም አለ። የቀየሩት ግን ጥያቄውን ነው። ከእርሳቸው በፊት የዘማሪ ወፎች ዝምድና በሊቃውንት የዓይን ግምትና በልምድ የሚወሰን ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ግን ማንኛውም የዝምድና ሐሳብ በዘር ውርስ ማስረጃ ሊፈተን የሚችልና የሚገባው ሆነ።

የትችቱም ውርስ እንዲሁ ዘልቋል። በአሁኑ ጊዜ በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያነበቡትን የዲ ኤን ኤ ቅደም ተከተል ማንም ሊመረምረው በሚችል የመረጃ ቋት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ናሙናው ከየት አገርና በምን ፈቃድ እንደተገኘ መመዝገብ፣ የተደረገውን ማስተካከያም ሁሉ በጽሑፍ መግለጽ ይጠበቅባቸዋል። ሲብሊ ያተረፉት ክብርም ሆነ ያጋጠማቸው ወቀሳ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የሥራው ፍሬ ዘላቂ እምነት የሚያገኘው ውጤቱ ትክክል በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ከውጤቱ የተደረሰበት መንገድ ለሌላው ሰው ምርመራ ክፍት ሲሆን ነው።